ለገና በእጅ የተሰፋ ስጦታ፦ ለማን ምን ልስፋ?

ባለ ቢራቢሮ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ቤቶች። አክስቴ ካናዳ ልጆቿ ጋ ስትሄድ የእግር ማሽኗን ለኔ ተወችልኝ። ጥቁሩ፣ ቢራቢሮ የሚባለው የስፌት ማሽን ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ግን ዘይት ከጠጣ ቀጥ አድርጎ ይሰፋል። ጠርዝ እንዳይመዘዝ የሚይዘውን ዚግዛግ የሚባል ስፌት አያውቅም። እኔም ብዙ አላውቅም። መጋረጃ እዘመዝማለሁ፣ የሶፋ ትራስ ልብስ እሰፋለሁ፣ የሱሪ እግር አሳጥራለሁ። በቃ።

ዘንድሮ ለገና ከሱቅ ስጦታ ላልገዛ ወስኛለሁ። አንደኛ ኪሴ አይችልም። ሁለተኛ፣ አምና ለእናቴ የገዛሁላት የብርጭቆ ስብስብ እስካሁን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። የምሰጣቸው ሰዎች፦ እናቴ፣ አማቴ፣ ላጤው ወንድሜ፣ ለመውለድ የደረሰች ጓደኛዬ፣ እና የእህቴ ሁለት ልጆች (ወንዱ 4፣ ሴቷ 7 ዓመት)።

ምን ልስፋላቸው? ጨርቅስ ከየት ልግዛ? ደግሞ «እጅ አጥሯት ነው ቁርጥራጭ ሰፍታ ያመጣችልን» እንዳልባል ፈርቻለሁ። በተለይ አማቴ ጋ።


ዘምዛሚ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2:31

ልከታተል። እኔም ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ነኝ።


የሽሮ ሜዳ ልጅ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3:05

ጎበዝ! መጀመሪያ ጨርቁን በሁለት ክፈይው። ለክብር የሚሰጥ ነገር ከሆነ የሀገር ልብስ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ነይ። የቀሚስ ትርፍ፣ የተቆረጠ ጥለት፣ ጫፉ የተበላሸ ነጠላ ለብቻው የሚሸጡ አሉ። ሙሉ ልብስ ካልፈለግሽ በጣም ይረክሳል። ለየቀኑ የሚሆን ዕቃ ከሆነ ግን መርካቶ ሄደሽ አቡጀዲ ወይም ካኪ በሜትር ግዢ።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። ሸማ ሳይታጠብ አይሰፋም። የሽመና ጥጥ መጀመሪያ ውሃ ሲያገኝ ይሰበሰባል። ሳታጥቢ የሰፋሽው የትራስ ልብስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ትራሱ አልገባበትም ይላል። ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ ሳትጠመዝዢ አስጪው፣ ትንሽ እርጥበት እያለው ተኩሺው። ጥለቱ ላይ ደግሞ ካውያውን ቀዝቀዝ አድርጊ። አብዛኛው የዘመኑ ጥለት ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ ሙቀት ሲበዛበት ይጨማደዳል። ከላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገሽ ብትተኩሺው ይሻላል።

ለእናትሽ የረከቦት ልብስ ስፊላት። ሲኒው ተደርድሮ ሲቀመጥ አቧራ ይከላከልላታል። ነጭ ሸማ፣ ዙሪያውን ጥለት። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው፣ ማሽንሽ ይችለዋል።


ዓይናማው
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3:40

እኔ ደግሞ ሁሉም ያልደፈረውን ልናገር። በእጅ የተሰፋ ስጦታ ሰጪውን ነው ይበልጥ የሚያስደስተው። እህቴ ሸሚዝ ሰፍታልኝ ታውቃለች። ትከሻው ሰፊ፣ እጁ አጭር። አንድ ቀን ፊቷ ለብሼው ቁም ሳጥን ገባ። እስካሁን «ሸሚዙስ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ውሸት ፈጠራ።

ለአማትሽማ ባትሞክሪው ይሻላል። አማት ስፌት ገልብጣ ነው የምታየው። ነጠላ ግዢና በሰላም ውጪ።


ክር በመርፌ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3:52

@ዓይናማው ሃሃሃ! የሸሚዙ ጥፋት የስፌት አይደለም፣ የልክ ነው። ልብስ በስጦታ አይሰፋም። ልክ የማይጠይቅ ነገር ነው የሚሰፋው። ቦርሳ፣ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ። ሽርጥ እንኳ ማሰሪያውን ረዘም ካደረግሽው ለማንም ይሆናል።


አባ መቀስ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1:20

ልጄ ባለ ቢራቢሮ፣ እንደምን አደርሽ። ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ ስጦታው ወጣቶቹ ይምከሩሽ። እኔ ስለ ማሽኑ ልናገር።

መርፌውን ቀይሪ። አክስትሽ የተወችው መርፌ ደንዝዟል ብለሽ ተነሺ። የደነዘዘ መርፌ ሸማ ይቦጭቃል። ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፣ ለአቡጀዲና ለካኪ 14፣ ለጂንስ 16 ያዢ። ስፌቱን ስታዪ ከሥር በኩል ክሩ ቋጠሮ ቋጠሮ ከሠራ፣ ጥፋቱ ከላይኛው ክር ነው። ወይ ላልቷል ወይ በትክክል አልገባም። ብዙ ሰው የታችኛውን ነካክቶ ያበላሸዋል። መጀመሪያ የላይኛውን አውጥተሽ እንደገና አስገቢው።

ዚግዛግ የለውም ብለሽ አትዘኚ። ድርብ ስፌት ተማሪ። ሁለቱን ጨርቅ ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ ግጠሚና ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ገባ ብለሽ ስፊ። ከዚያ ጠርዙን በመቀስ ከርክሚው። ገልብጪውና አሁን ፊት ለፊት ሆነው አንድ ሴንቲ ላይ ድገሚው። የሚመዘዘው ክር ሁሉ መሃል ታሽጎ ይቀራል። ያ ልጅ እንዳለው አማትሽ ገልብጣ ብታየው እንኳ ውስጡም እንደ ውጭው ንጹሕ ነው።

የጨርቅ መቀስሽን ደግሞ ወረቀት እንዳታስነኪው። ልጆች ካሉ ደብቂው።


ባለ ቢራቢሮ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4:10

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! ድርብ ስፌቱን አሁኑኑ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከርኩት። እውነትዎን ነው፣ ውስጡ ከውጭው አይለይም። መርፌውንም ቀየርኩ። ድሮ ቷ ቷ የሚለው ማሽኑ መስሎኝ ነበር፣ ለካ መርፌው ኖሯል።

@ዓይናማው አስፈራራኸኝ እኮ። ግን ወንድሜ እንዳንተ ከሆነ ምን ልስጠው?


ዓይናማው
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4:25

ላጤ ነው ካልሽ ቤቱ ሁለት የትራስ ልብስ ነው ያለው፣ አንደኛው ሁሌ ቆሻሻ ነው። ሁለት ትርፍ ስፊለት። ከምሬ ነው።


የመርካቶ ልጅ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6:30

ጨርቅ ስትገዢ «መቶ በመቶ ጥጥ ነው» የሚልሽን ሁሉ አትመኚ። ከጣቃው ጫፍ ሁለት ሦስት ክር ምዘዢና በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድና በጣት ሲነኩት የሚበተን አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱንም ታዪበታለሽ። ሱቁ ውስጥ ግን አትለኩሺ፣ ያባርሩሻል። ወጣ ብለሽ።

ጥቅሙ ምንድነው? ትኩስ ነገር የሚነካው ሁሉ ጥጥ መሆን አለበት። የድስት መያዣ፣ የጀበና መቀመጫ። ከፖሊስተር ከሰፋሽው ትኩስ ዕቃ ሲነካው ይቀልጣል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል።

ለወንድምሽ ከአሮጌ ጂንስ የገበያ ቦርሳ። በ2017 ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ እኔ ራሴ አንድ ኪሴ ውስጥ አጥፌ ነው የምዞረው። የሱሪውን እግር ቆርጠሽ ከታች ዝጊው፣ ከወገቡ ጨርቅ ማንገቻ አውጪ። ማንገቻው ከቦርሳው አፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ስፌት ስፊና መሃሉን በኤክስ አቋርጪው። በአንድ መስመር ብቻ ከያዝሽው አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሲገባበት ይገነጠላል።


ሪያድ ነኝ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 4:00

እኔ ማሽን የለኝም። በሰው ቤት ነው የምሠራው። ዓርብ ማታ ሥራ ሲያልቅ መርፌና ክር ይዤ እቀመጣለሁ። ለእናቴ የትራስ ልብስ እጠልፋለሁ። አበባ፣ ወፍ፣ የልጆቿን ስም። ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ። ጨርቅ ስለሆነ አይከብድም፣ አይሰበርም። ሻንጣ ውስጥ ቦታ የሚሰጥሽ ሰው ደግሞ ኪሎ ነው የሚቆጥረው። ብርድ ልብስ ብትይው ፊቱን ያዞራል። የትራስ ልብስ ግን እሺ ይልሻል።

ለእህትሽ ልጆች ልብስ ካማረሽ፣ ልካቸውን በወሬ አትውሰጂ። እናቶች «ይቺን ታክላለች» ብለው በእጃቸው ያሳዩሻል፣ እሱ አይሠራም። የሚሆናቸውን አንድ አሮጌ ልብስ መሬት ላይ ዘርግተው ሜትር አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱልሽ። ከዚያ ላይ ሦስት አራት ሴንቲ ጨምሪና እጥፋቱን ውስጥ ሰፊ አድርገሽ ተዪው። ሲያድጉ ይፈቱታል።


ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር 11፣ ከሌሊቱ 9:40

እኔ ለምትወልደው ጓደኛሽ ልመልስ። እዚህ አሜሪካ ስንት ጓደኛ እንዳረስን! ሁሉም ሰው የሚያምር ቀሚስ ነው የሚያመጣው። ሕፃኑ አንዴ ለብሶት ፎቶ ይነሳና ያልፈዋል። እናት በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ የምታነሳው ነገር የለሃጭ ጨርቅ ነው። እሱን ስፊ፣ ብዙ አድርገሽ። ፊቱ ጥጥ፣ ጀርባው አሮጌ ፎጣ። ማሰሪያው ረጅም ክር አይሁን፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ቬልክሮ ወይም የሚጫን ቁልፍ አድርጊበት።

አሻንጉሊት ከሰፋሽ ዓይኑን በቁልፍ አትሥሪ። ቁልፍ ይነቀላል፣ ሕፃን ደግሞ ሁሉን ወደ አፉ ነው የሚወስደው። ዓይንም አፍም በክር ጥለፊው።

ከአሮጌ ጋቢ የሕፃን ብርድ ልብስ መሥራትም ያምራል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ገበር አይፈልግም፣ ዙሪያውን በሰፊ ጥብጣብ መጠርዝ ብቻ ነው። ግን ለጓደኛሽ ንገሪያት፣ ሕፃኑ ዓመት እስኪሞላው አልጋው ውስጥ ብቻውን ሲተኛ አይደረብበትም። እዚህ የሕፃናት ሐኪሞች ለስላሳ ነገር፣ ትራስም ብርድ ልብስም፣ አልጋ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቀው ነው የሚመክሩት። መሬት ላይ ተነጥፎ ለመጫወቻ፣ እናት እቅፍ ስታደርገው ለመሸፈኛ ይሁን።


ክር በመርፌ
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2:15

@ሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ ጋቢ ስትይ የማን? የኔ አባት የሚጥለው ጋቢ የለውም፣ የሚቀደድም የለውም።


ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2:50

ከእናቶች ሣጥን ሥር ይገኛል፣ ሃሃ። መሃሉ የሳሳ ጋቢ ካገኘሽ ደህናውን ጠርዝ ጠርዙን ቆርጠሽ ነው የምትጠቀሚው። የሕፃን ልክ 80 በ100 ሴንቲ በቂ ነው።


ነታንያ
ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8:05

እናቴ ጎንደር ሳለች ስፌት የምትለው የሰንደዶውን ነበር፣ መሶብና ሙዳይ። ጨርቅ ላይ መጥለፍ እዚህ እስራኤል ከመጣን በኋላ ነው የተማረችው። አሁን ለልጅ ልጆቿ ሁሉ የሰንበት ዳቦ መሸፈኛ ጠልፋለች። አንዱ ላይ እንስራ የተሸከመች ሴት አለች፣ አንዱ ላይ የቤተ እስራኤል ቄሶች ጥላ ይዘው ለስግድ በዓል ተራራ ሲወጡ። የታናሽ እህቴ ልጅ ዐማርኛ አይችልም፣ ግን በዚያ ጨርቅ ላይ እያንዳንዱን ሰው እየጠቆመ «ይሄ ማነው?» ይላታል።

ለእናትሽ ወይ ለአማትሽ ከሆነ ጥልፍ ጨምሪበት። ትንሽም ቢሆን። ስም ወይም ዓመተ ምሕረት ጥግ ላይ።


ዓይናማው
ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8:30

ስም የተጠለፈበትን ነገር ደግሞ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት አይቻልም። ይህንንም አስቡበት።


ነታንያ
ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8:33

@ዓይናማው እሱ ነው እኮ ጥቅሙ!


ዘምዛሚ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:10

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለባለ ቢራቢሮ ሳይሆን ገጠር ዘመድ ላላችሁ። ለአጎቴ ልጆች፣ ሦስቱም ጉርምስና ላይ ናቸው፣ የሚታጠብ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ሰፍቼ ልልክላቸው ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከፍሬወይኒ መብራህቱ ነው። መቐለ ውስጥ ማርያም ሰባ የሚባል ፋብሪካ ከፍታ የሚታጠብ ሞዴስ የምታመርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የሸለማት ሴት። እኔ የሷን ያህል አልሠራም፣ ግን ሐሳቡ ገብቶኛል። ሰውነት የሚነካው ለስላሳ ጥጥ፣ መሃሉ ፎጣ ወይም ፍላኔል ሁለት ሦስት ድርብ፣ ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ፣ ክንፉ ላይ የሚጫን ቁልፍ። ጠቆር ያለ ቀለም ብትመርጡ ይሻላል። ዋናው ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቁ ነው። ልጆች ደብቀው ጥላ ውስጥ ያሰጡታል፣ ስለዚህ ለእናቲቱ መንገር ያስፈልጋል። ገመድ ያለው ትንሽ ከረጢትም እሰፋለሁ፣ ትምህርት ቤት ይዘውት እንዲሄዱ።


ክር በመርፌ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1:25

ዘምዛሚ፣ እስካሁን ከተባለው ሁሉ ይሄ በለጠብኝ። የቆረጥሽበትን ልክ ላኪልኝ በእናትሽ።


የሽሮ ሜዳ ልጅ
ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3:00

የአማቷ ነገር ሳይፈታ ቀረ እኮ። እኔ መሃል ቤት ያለ ሐሳብ አለኝ። ዓይናማው እንዳለው ነጠላ ግዢ፣ ግን ዘርፉ ያልተቋጨውን። ቋጪው ራስሽ ሁኚ። በእጅ የተቋጨ ነጠላና በችኮላ የታሰረ ነጠላ ልዩነቱን ትልልቅ ሴቶች ከሩቅ ያውቁታል።

አቋጫጩ እንዲህ ነው። ከጫፉ የተንጠለጠለውን ክር ስምንት ስምንት አድርገሽ ለዪ። ሁለቱን ስምንት ስምንት ክር ጎን ለጎን ያዢ፣ ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ፣ እንበል ወደ ቀኝ፣ አክርረሽ አሽከርክሪያቸው። ጭንሽ ላይ ብታሽከረክሪ ይቀላል። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ አድርገሽ ወደ ግራ ልቀቂያቸው። ራሳቸው እርስ በርስ ይጠመጠማሉ። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አድርጊ። እጅሽን በትንሹ ውሃ ብታስነኪው ክሩ አይንሸራተትም። መጀመሪያ አሰልቺ ነው፣ ቴሌቪዥን እያየሽ ግን ሳታውቂው ያልቃል።


ዓይናማው
ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3:20

እሺ በዚህ ተረታሁ።


ባለ ቢራቢሮ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2:00

እንዴት ደስ እንዳላችሁኝ! ወስኛለሁ። አማቴ፦ ነጠላ፣ በእጄ የተቋጨ። ጓደኛዬ፦ የለሃጭ ጨርቅ ክምር። ወንድሜ፦ የትራስ ልብስና የጂንስ ቦርሳ (ጂንሱ የራሱ ነው፣ ባለፈው ለመጣል ያስቀመጠው)። ልጆቹ፦ ልብሱን ትቼዋለሁ፣ ትምህርት ቤት የምሳ ዕቃቸውን የሚይዙበት ከረጢት፣ አንዱ አንበሳ አንዱ ጥንቸል የተጠለፈበት። እናቴ፦ የረከቦት ልብስ።

ለእናቴ ማቶትም ልጨምርላት ፈለግሁ። የድሮው የሣር ማቶቷ ተፈትቷል፣ አሁን ጀበናውን የሚዘረጋጋ አሮጌ ካልሲ ላይ ነው የምታስቀምጠው። በጨርቅ ይሠራል? ሠርቶ የሚያውቅ አለ?


አባ መቀስ
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1:05

ይሠራል ልጄ። ባለቤቴ ከኔ ቁርጥራጭ ስትሠራ ነው የኖረችው። ጂንስ ወይም ወፍራም ካኪ፣ ጠቆር ያለ። ነጭ አታድርጊው፣ ጀበና ከሥሩ ጥላሸት አለው። 42 ሴንቲ ርዝመት፣ 14 ሴንቲ ስፋት ቁረጪ። በርዝመቱ እጠፊው፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ አንድ ሴንቲ ላይ ስፊ፣ ገልብጪው። ቱቦ ይሆናል። ውስጡን በአሮጌ የጥጥ ከናቴራ ቁርጥራጭ ሙዪው። በማማሰያ እጀታ ገፋ ገፋ እያደረግሽ፣ ድንጋይ እስኪመስል። ላላ ካለ ጀበናው ይዘምማል። አንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፊና ሌላውን ጫፍ እላዩ ውስጥ አስገቢ፣ ከዚያ በእጅ መርፌ በድርብ ክር ዙሪያውን ስፊው። የእናትሽ ጀበና ትልቅ ከሆነ ርዝመቱን አምስት ሴንቲ ጨምሪበት።


የመርካቶ ልጅ
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3:30

ከናቴራውን በክብሪት ፈትሺው ደግሞ። ዛሬ ጥጥ የሚመስል ሁሉ ጥጥ አይደለም።


ባለ ቢራቢሮ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 3:15

ጋሼ፣ ማቶቱ አለቀ! የራሴን ጀበና አስቀመጥኩበት፣ ቆሟል። ትንሽ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል ግን። መገጣጠሚያው ጋ ወፍሮብኛል መሰለኝ። ፈትቼ ላስተካክለው ወይስ ይቅር?


አባ መቀስ
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 1:00

አትፍቺው። መገጣጠሚያው ላይ በመዶሻ እጀታ ቀጥቀጥ አድርገሽ አደልድዪው። ከዚያ ውሃ የተሞላ ድስት ጫኚበትና አንድ ሌሊት ይደር። አሁንም ካዘነበለ ነይ ንገሪኝ።